ስም ያለው ልጅ፦ ከሊማሊሞ ግርጌ የሚታይ የሕፃናት ረድኤት ታሪክ



ይህን ንግግር እንዳቀርብ ለጋበዘኝ የትምህርት ክፍል ምስጋናዬን አስቀድማለሁ። የተሰጠኝ ርእስ ለችግር የተጋለጡ ሕፃናትንና ማኅበረሰባቸውን የመርዳት ሥራ ታሪክ ነው። ርእሱ ሰፊ ነው፤ ከጄኔቫ እስከ ኮረም፣ ከንጉሣውያን ግቢ እስከ ጤና ኬላ ይዘረጋል። እንዳይበተንብኝ ብዬ ቆሜ የምመለከትበትን ቦታ አስቀድሜ መርጫለሁ፤ ዛሪማን።

ከጎንደር ተነሥቶ በዳባት በኩል ወደ ሰሜን የሚጓዝ ሰው አንድ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ሄዶ ደባርቅ ይደርሳል። ደባርቅን ሲያልፍ ደጋው ድንገት ይቆረጥና በጣሊያን ወረራ ዘመን የተሠራው የሊማሊሞ ጠመዝማዛ መንገድ ቁልቁል ይወስደዋል። ጋቢ የለበሰው መንገደኛ ከታች ሲደርስ ጋቢውን አውልቆ ይይዛል። ዛሪማ የምትገኘው እዚያ ነው፤ በአዲ አርቃይ ወረዳ፣ ወደ ተከዜ በሚወርደው ቆላ፣ በአውራ ጎዳናው ዳር። እኔ ዛሪማን የመረጥኋት ዝነኛ ስለሆነች አይደለም፤ በመንገድ ላይ ስለሆነች ነው። ነጋዴውም፣ ጦሩም፣ ወረርሽኙም፣ ዕርዳታውም በዚህ መስመር አልፈዋል። ለታሪክ ተማሪ የሚገባው ጥያቄ «ማን አለፈ?» የሚለው ብቻ አይደለም፤ «ካለፈው ሁሉ ምን ቀረ?» የሚለውም ነው።

ዛሬ የማቀርበው ሐሳብ አጭር ነው። ለሕፃናት የሚደረግ ዕርዳታ ሲጸና ያየሁት ልጁን በስሙ፣ ከነቤተሰቡና ከነቀየው ባወቀው ጊዜ ነው። ልጁን ከሰዎቹ ነጥሎ ያየ ዕርዳታ ግን ነፍስ ቢያድንም እንኳ ካምፑ ሲፈርስ አብሮ ፈርሷል። ይህን በምሳሌ ለማሳየት እሞክራለሁ። ዓመታቱን በየምንጮቻቸው አቆጣጠር ስለምጠቅስ የአውሮፓው ሲሆን እ.ኤ.አ. እላለሁ።

በጥንቱ እጀምራለሁ። በ1770 እ.ኤ.አ. የካቲት ወር ላይ ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ ከምጽዋ ተነሥቶ ተከዜን ተሻግሮ፣ ሊማሊሞን ወጥቶ ጎንደር ገባ። በዚያን ጊዜ ከተማይቱን ፈንጣጣ ይዟት ነበር። ብሩስ ጥቂት የሕክምና ዕውቀት ስለነበረው እቴጌ ምንትዋብ ወደ ቁስቋም ግቢ አስጠርተው የታመሙትን ሕፃናት እንዲያይ አደረጉት። መስኮትና በር አስከፍቶ አየር እንዲገባ ማድረጉን፣ የወይዘሮ አስቴር ልጅ ኮንፉም መዳኑን ራሱ በጻፈው የጉዞ መጽሐፍ ነግሮናል።

ይህን ታሪክ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። እኔ የማነሣው ለሌላ ነገር ነው። የግቢው ልጆች በምንጩ ውስጥ ስም አላቸው፤ እናታቸው ትታወቃለች፣ አባታቸው ይታወቃል፣ ማን እንደ ዳነ ይታወቃል። ተጓዡ ወደ ጎንደር ሲመጣ ያቋረጣቸው የቆላ መንደሮች ልጆች ግን ስም የላቸውም። ፈንጣጣው ለቤተ መንግሥትና ለጎጆ አላዳላም፤ ቀለሙ ግን አዳላ። በኛ ታሪክ ምንጮች ውስጥ የድኻ ልጅ የሚገኘው በብዛት በጅምላ ነው፤ «ብዙ ሕዝብ አለቀ» በሚል ዐረፍተ ነገር ውስጥ ተጠቅልሎ።

ይህ ማለት ግን የድኻው ልጅ በገዛ አገሩ ስም አልነበረውም ማለት አይደለም። «ስምን መልአክ ያወጣዋል» የሚል ሕዝብ በስም አይቀልድም። በክርስቲያኑ ዘንድ ወንድ በአርባ፣ ሴት በሰማንያ ቀን ክርስትና ስትነሣ ልጁ የክርስትና ስም ያገኛል፤ ከስሙም ጋር የክርስትና አባት ወይም እናት ይሰጠዋል። ይህ ሰው ወላጅ ቢሞት በልጁ ላይ ግዴታ አለበት። በሙስሊሙም ዘንድ ስም የማውጣቱ ሥርዓትና የየቲም አደራ በሃይማኖቱ የታወቀ ነው። የጡት ልጅ የማድረግ ልማድም ነበር፤ ያልወለደውን ልጅ በሥርዓት የራሱ የሚያደርግ ሰው በሽማግሌ ፊት ቃል ይገባል። የቆሎ ተማሪውንም አስቡት። ገና በልጅነቱ ቤቱን ጥሎ፣ ለምድ ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ በማያውቀው መንደር ሲቆም፣ ውሻው ቢጮኽበትም እንጀራው አይቀርበትም ነበር። በጎንደር ዙሪያ የነበሩትን የአቋቋምና የቅኔ ጉባኤ ቤቶች ለዘመናት የመገባቸው ማንም ያልመዘገበው የገበሬ ሚስት ቁራሽ ነው። ይህም ሕፃናትን የመርዳት ሥራ ነው፤ ቢሮና ማኅተም የሌለው መሆኑ ከታሪካችን ሊያስወጣው አይገባም።

ይሁን እንጂ ያለፈውን ማስዋብ የታሪክ ሰው ሥራ አይደለም። ይህ ሥርዓት የሚቆመው ሰጪው ራሱ የሚበላው እስካለው ድረስ ነው። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. የዘለቀው ክፉ ቀን ይህን አሳይቷል። የከብት በሽታው በሬውን ፈጀ፤ በሬ ሲያልቅ እርሻ ቆመ፤ ድርቅ፣ አንበጣና ተምች ተከተለ፤ በጎንደር ላይ ደግሞ በ1880 ዓ.ም. የመሐዲስቶች ወረራ ከተማይቱን አቃጥሎ ነበር። የአገሪቱ ሕዝብ አንድ ሦስተኛ እንዳለቀ የሚገምቱ አሉ። የክርስትና አባትም፣ የጡት አባትም፣ ሽማግሌውም አብረው ሲራቡ አደራው የሚወድቅበት ትከሻ አልነበረም። የመንደር ደግነት ከመንደር የሚሰፋን መከራ ብቻውን አይችልም። የውጭ ረዳት የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው።

የዘመናዊው ዓለም የሕፃናት ዕርዳታ የተወለደው በአንደኛው የዓለም ጦርነት ማግሥት ነው። እንግሊዛዊቷ ኤግላንታይን ጀብ በ1919 እ.ኤ.አ. በጦርነቱ በተሸነፉት አገሮች በረሃብ የሚያልቁትን ሕፃናት ለመርዳት ሴቭ ዘ ቺልድረንን መሠረተች። ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ በረሃብ የከሳ የኦስትሪያ ሕፃን ፎቶግራፍ ያለበት ወረቀት በለንደን አደባባይ በማደሏ ተይዛ የገንዘብ ቅጣት ተፈርዶባት ነበር። ፎቶግራፉን ልብ በሉልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ። ጀብ ያረቀቀችው የሕፃናት መብት መግለጫ በ1924 እ.ኤ.አ. በመንግሥታቱ ማኅበር ጸደቀ። ኢትዮጵያ የማኅበሩ አባል ከሆነች ገና አንድ ዓመቷ ነበር።

ከሁለተኛው ጦርነት በኋላ፣ በታኅሣሥ 1946 እ.ኤ.አ.፣ ዩኒሴፍ ተቋቋመ። በመጀመሪያ ስሙ ውስጥ «የአስቸኳይ ጊዜ» የሚል ቃል ነበረበት፤ የአውሮፓን ልጆች ከጦርነቱ ረሃብ አውጥቶ ይዘጋል ተብሎ ታስቦ ነበርና። በ1953 እ.ኤ.አ. የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ድርጅቱን ቋሚ አደረገው፤ «የአስቸኳይ ጊዜ» የሚለውም ቃል ከስሙ ወጣ። ለሕፃናት የሚደረግ ሥራ የእሳት አደጋ ሥራ ብቻ እንዳልሆነ ዓለም የተቀበለበት ዓመት ነው ማለት ይቻላል።

በዚያው በ1953 እ.ኤ.አ. በጣና ሰሜን ዳርቻ፣ በደምቢያ ሜዳ ላይ ወባ ገባ። ደምቢያ የጤፍ አገር ነው፤ ሰዉ ለወባ ያልለመደ ነበር። በአንድ ወረርሽኝ ወደ 7,000 ሰው እንደ ሞተ ተዘግቧል። በእንዲህ ያለ ወረርሽኝ ቀድመው ከሚሞቱት ሕፃናትና ነፍሰ ጡር እናቶች ይገኙበታል። በአገሪቱ የነበረው ሐኪም እጅግ ጥቂት ነበር፤ ከእነርሱም አብዛኛዎቹ የውጭ ሰዎችና በአዲስ አበባና በጥቂት ከተሞች የተወሰኑ ነበሩ። ስለዚህ ጥያቄው «ስንት ሐኪም እናምጣ?» ከሚለው ወደ «ማንን እናሠልጥን?» ወደሚለው ዞረ።

መልሱ በ1954 እ.ኤ.አ. በጎንደር የተከፈተው የሕዝብ ጤና አጠባበቅ ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል ነው፤ የዛሬው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ዘር። የኢትዮጵያ መንግሥት፣ የዓለም ጤና ድርጅት፣ ዩኒሴፍና የአሜሪካ መንግሥት የቴክኒክ ዕርዳታ ተባብረው አቋቋሙት። ኮሌጁ ያሠለጠናቸው ሦስት ዓይነት ባለሙያዎችን ነበር፤ የጤና መኮንን፣ የኅብረተሰብ ነርስና የአካባቢ ጤና ጠባቂ። አንዱ ያክማል፣ አንዷ ቤት ለቤት እናትና ልጅን ትጠይቃለች፣ አንዱ ምንጭና መጸዳጃን ይመለከታል። ሦስቱ የተነደፉት በቡድን እንዲሠሩ ነው። ተማሪዎቹም ከመመረቃቸው በፊት ተቀናጅተው ወደ ገጠር ጤና ጣቢያ ይወርዱ ነበር፤ ይህ የቡድን ሥልጠና ዛሬም የዩኒቨርሲቲው መለያ ነው።

ይህ ንድፍ ከአንድ ነገር ግንዛቤ የመነጨ ይመስለኛል። ልጅ በወባ ወይም በተቅማጥ የሚሞተው በገላው ውስጥ ባለው ጀርም ብቻ አይደለም። ውኃው አለ፣ የእናቱ አለመብላት አለ፣ የመንገዱ ርቀት አለ። ልጁን አክሞ ወደዚያው ውኃ መመለስ ሞቱን ማስተላለፍ እንጂ ማዳን አይደለም። የኅብረተሰብ ነርሷ በቤተሰብ ስም የምትይዘው ካርድ ትንሽ ነገር ይመስላል። ለእኔ ግን ከብሩስ እስከ እርሷ ያለው የሁለት መቶ ዓመት ርቀት በዚያ ካርድ ይለካል፤ የገበሬ ልጅ ከነአባቱ ስም፣ ከነመንደሩ፣ ከነክብደቱ በቀለም ሰፈረ።

ንድፉ ሁሉን አላዳነም። በ1958 እ.ኤ.አ. በአገሪቱ ደጋና ወይና ደጋ የተነሣው ታላቅ የወባ ወረርሽኝ ሦስት ሚሊዮን ሰው አሞ 150,000 ያህል እንደ ገደለ ይገመታል። ጤና ጣቢያውም የደረሰው መንገድ የደረሰበት ነው። ነገር ግን የውጭ ባለሙያዎቹ በየጊዜው ሲሄዱ ኮሌጁ ቀረ። ካለፈው ሁሉ ምን ቀረ ብዬ ስጠይቅ የማገኘው ግልጽ መልስ ይህ ነው።

አሁን ወደ ፎቶግራፉ ልመለስ። በ1966ቱ የወሎና የትግራይ ረሃብ ጊዜ የጆናታን ዲምብልቢ ፊልም፣ በ1977ቱ ረሃብ ደግሞ በጥቅምት 1984 እ.ኤ.አ. ማይክል ብዩርክና መሐመድ አሚን ከኮረም ያቀረቡት ዘገባ ዓለምን አነቃነቀ። ገንዘብ መጣ፣ እህል መጣ፣ አውሮፕላን መጣ። ይህን የማቃልል ሰው አይደለሁም፤ በዚያ እህል የተረፉ ሰዎች ዛሬ የልጅ ልጅ አይተዋል። ግን የታሪክ ሰው ሆኜ ምንጩን ስመረምር የማየው ይህ ነው፦ የ1762 ዓ.ም. የቆላ ልጅ ስምም ፊትም አልነበረውም፤ የ1977ቱ ልጅ ፊት አገኘ፣ ስም ግን አላገኘም። ዓለም ሁሉ አየው፤ የማን ልጅ እንደሆነ የጠየቀ ጥቂት ነው።

ፊት ብቻ ያለው ልጅ በቀላሉ ይንቀሳቀሳል። በዚያን ጊዜ በጎንደር ክፍለ ሀገር፣ በእብናት፣ ትልቅ የረሃብተኞች መጠለያ ነበር። በሚያዝያ 1977 ዓ.ም. መጨረሻ ገደማ ወታደሮች በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩትን ተጠላዮች አስወጡ፤ ጎጆዎቹንም አቃጠሉ። የተሰጠው ምክንያት ዝናብ ስለጣለ ገበሬው ወደ እርሻው ይመለስ የሚል ነበር። በእግሩ ቀናት መጓዝ የማይችል የተጎዳ ሕፃን፣ ዘር የሌለው አባት፣ ወተት የነጠፈባት እናት በአንድ ትእዛዝ «ገበሬ» ተባሉ። ከዓለም ዙሪያ ተቃውሞ ሲነሣ መንግሥት ጥፋቱን በአካባቢው ባለ ሥልጣኖች ላይ አሳበበ። በዚሁ ዘመን ወደ 600,000 የሚጠጋ ሕዝብ ከሰሜን ወደ ደቡብና ምዕራብ ሲሰፍር ብዙ ቤተሰብ ተለያየ። ሰፈራውን በአደባባይ የተቃወመው የፈረንሳይ የድንበር የለሽ ሐኪሞች ቡድን በ1985 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ከአገር ተባረረ።

ከዚህ ላይ የራሴን ሐሳብ ራሴ ልቃወመው። ስም መያዝ ብቻውን ደግ ነገር አይደለም። ለሰፈራ የሚሄደው ሰው የተመለመለው በገበሬ ማኅበር መዝገብ ነው፤ ስሙ ስለታወቀ ተወሰደ። መዝገብ ለክትባትም፣ ለግብርም፣ ለግዳጅም ያገለግላል። ስለዚህ ጥያቄው ልጁ መመዝገቡ ብቻ ሳይሆን መዝገቡን የያዘው ማን ነው፣ የሚጠየቀውስ ለማን ነው የሚለው ነው። የቆሎ ተማሪውን የመገበችው ሴት መዝገብ አልነበራትም፤ ጎረቤቷ ግን ያያታል፣ ታፍራለች፣ ትከበራለች። ተጠያቂነት ማለት ይኸው ነው።

በዚያው አሥር ዓመት ውስጥ ከአገር ልጅ የመጣ ሌላ መልስ አለ። ወይዘሮ አበበች ጎበና በ1972 ዓ.ም. ወደ ግሸን ማርያም ለመሳለም ሲሄዱ በወሎ ረሃብ ላይ ደረሱ። የሞተች እናቷን ጡት የምትጠባ ሕፃን አገኙ። ሁለት ልጆች ይዘው አዲስ አበባ ተመለሱ፤ ዓመት ሳይሞላ ሃያ አንድ ሆኑ። ባላቸው ወይ እኔን ወይ ልጆቹን ምረጪ ሲሏቸው ልጆቹን መረጡ። ሰኔ 27 ቀን 2013 ዓ.ም. እስኪያርፉ ድረስ «የአፍሪካዋ ማዘር ቴሬዛ» ሲባሉ ኖሩ። ከዚያ ቅጽል ይልቅ የሚገርመኝ የድርጅታቸው አካሄድ ነው። በልጆች ማሳደጊያ የተጀመረው ሥራ ቀስ በቀስ ወደ ትምህርት፣ ወደ ሙያ ሥልጠና፣ እናቶችንና ሰፈሮችን ወደ መደገፍ ሰፋ። ልጁን ከመንገድ ማንሣት እናቱ መንገድ ላይ እንዳትጥለው ከማድረግ ጋር ካልተያያዘ ማሳደጊያው መቼም አይሞላም፣ መቼም አይበቃም።

ተቃራኒውን ደግሞ በውጭ አገር ጉዲፈቻ አይተናል። በ2010 እ.ኤ.አ. ብቻ ወደ አሜሪካ የሄዱት ልጆች 2,500 ያህል ነበሩ። ብዙዎች መልካም ቤት አግኝተዋል። ሆኖም ወላጅ ያላቸው ልጆች በወረቀት ላይ ወላጅ አልባ ሆነው የተገኙበት ጊዜ ነበር፤ አደራ የሰጠ መስሎት የፈረመ አባት ልጁን ለዘለዓለም እንዳጣ ኋላ ተረዳ። በኛ ባህል የጡት ልጅ ወላጁን አይረሳም፤ በሕጉ ግን ግንኙነቱ ይቆረጥ ነበር። በ2010 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1070 የውጭ ጉዲፈቻን አቆመ። ክርክሩ ሁሉ በመጨረሻ ሲታይ የስም ክርክር ነው፤ ልጁ የማን ነው፣ ማን ብሎ ይጠራል?

በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በየቀበሌው ሁለት ደመወዝተኛ ሴቶችን መደበ፤ የጎንደሯን የኅብረተሰብ ነርስ ሐሳብ ወደ ቀበሌ ያወረደ ሥራ ነው። በ2000 እ.ኤ.አ. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ1,000 ሕፃናት 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር፤ በ2016 ጥናት 67 ሆነ። ለውጡ የአንድ ፕሮግራም ውጤት ብቻ ነው አልልም። ነገር ግን ያው የ2016 ጥናት ሁለት ሌሎች ቁጥሮች አሉት። በአማራ ክልል ከአምስት ዓመት በታች ከነበሩት ልጆች 46 በመቶው ቀንጭረው ነበር፤ ይህ በዚያን ጊዜ በአገሪቱ ከፍተኛው ነበር። በመላ ኢትዮጵያ ደግሞ ልደታቸው የተመዘገበው 3 በመቶ ብቻ ነበሩ። መልአክ ስም ያወጣላቸው ልጆች በመንግሥት ፊት ስም አልነበራቸውም። የልደት ምዝገባ ሕግ በ2004 ዓ.ም. ወጥቶ ሥራው በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ነው።

በመጨረሻ ወደ ዛሪማ ልውረድ። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ በዚያ መስመር ሲያልፍ የአዲ አርቃይና የዛሪማ ሕዝብ ሊማሊሞን በእግሩ ወጣ። ደባርቅ፣ ዳባትና ጎንደር ተቀበሉት፤ ገሚሱ በትምህርት ቤት፣ ገሚሱ በዘመድና በማያውቀው ሰው ቤት ተጠለለ። ክፉ ቀን ሲመጣ ቀድሞ የደረሰው አሁንም ቁራሹን የሚያካፍለው ጎረቤት ነበር፤ የጭነት መኪናው ከኋላ መጣ።

ሕዝቡ ከተመለሰ በኋላ ለጥናት ወደዚያ አካባቢ ወርጄ አንዲት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ አግኝቼ ነበር። የቤተሰብ ማኅደሮቿ ተበታትነው ስለጠፉ በአንድ የተማሪ ደብተር ላይ የቀበሌዋን ሕፃናት ስም ከልቧ እያስታወሰች እንደገና ጽፋለች። ከአንዳንዶቹ ስም አጠገብ የጥያቄ ምልክት አለ። እነዚህ ምንድን ናቸው አልኋት። «ያልተመለሱ ናቸው፤ አልሰረዝኋቸውም» አለችኝ። በዚያ ደብተር ላይ ማኅተም የለም። እኔ ግን በቤተ መዛግብት ከአገኘኋቸው ሰነዶች ሁሉ ለዚህ ርእስ የሚበልጥ አላየሁም።

ውድ ተማሪዎች፤ ከእናንተ ብዙዎቹ ነገ በቡድን ሥልጠናም ይሁን በሥራ ወደ እንደ ዛሪማ ያሉ ቦታዎች ትወርዳላችሁ። «ልጅ በዕድሉ ያድጋል» የሚባል አባባል አለን። ታሪክ የሚለን ሌላ ነው። ልጅ የሚያድገው ስሙን በሚያውቅ ሰው መካከል ነው፤ ዕድሉም ያ ሰው ራሱ እንዳይወድቅ በሚደግፈው ተቋም ይወሰናል። የጎንደር ኮሌጅ ከወረርሽኝ የተወለደ እንዲህ ያለ ተቋም ነበር። የእኛ ዘመን መከራስ ምን ይወልዳል? ይህን ጥያቄ ለእናንተ ትቼ ንግግሬን እዚህ ላይ አበቃለሁ።